የቦይለር ሐኪም

ድሬዳዋ ውስጥ አንድ የሻይ ማፍያ ስንት ዓመት እንዳገለገለ ለማወቅ ደረሰኝ መፈለግ አያስፈልግም፤ ክዳኑን ከፍቶ ውስጡን ማየት ይበቃል። ግድግዳው ላይ የተጋገረው ነጭ ቅርፊት ዕድሜውን ይናገራል። ከደጋ የመጣ እንግዳ ሻወር ገብቶ ሳሙናውን ቢያሽ ቢያሽ አረፋ አልወጣ ሲለው መጀመሪያ የሚያማው ሳሙናውን ነው፤ ቀጥሎ ሳሙናውን የሸጠለትን ባለሱቅ፤ ውሃው ላይ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። የአገሬው ሰው ግን ውሃውን ከከሰሰው ቆይቷል። ፀጉር የሚያደርቅ እሱ፣ ነጭ ሸሚዝ የሚያጠይም እሱ፣ ቧንቧ የሚደፍን እሱ፣ ኩላሊት ውስጥ ጠጠር የሚያኖር እሱ። ክሱ ሁሉ በአንድ ተከሳሽ ላይ ከተከመረ በኋላ የውሃ ማለስለሻ ሻጭ ከተፍ ይልና ቦይለሩንም ኩላሊቱንም በአንድ ዋጋ አድናለሁ ይላል። ስለ ቦይለሩ የሚለው እውነት ነው። ስለ ኩላሊቱ የሚለው ግን በቦይለሩ ጀርባ ታዝሎ የገባ ወሬ ነው። ማለስለሻ የቧንቧና የቦይለር ሐኪም ነው፤ ሰው የማከም ፈቃድ የለውም። ይገዛ አይገዛ፣ ከተገዛስ የት ይተከል የሚለውን ጥያቄ ከዚህ ተነስቶ መመለስ ይቀላል።

ነገሩን ከምንጩ እንየው። የዝናብ ውሃ ወደ መሬት ሲሰርግ ከአፈሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወስድና ለዘብ ያለ አሲድ ይሆናል። እንዲህ ሆኖ በኖራ ድንጋይ መሃል ሲያልፍ ድንጋዩን በጥቂት በጥቂቱ እያሟሟ ካልሲየምና ማግኒዝየም ተሸክሞ ይወጣል። ድሬዳዋ ዙሪያዋን የኖራ ድንጋይ አገር ናት፤ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የሲሚንቶ ፋብሪካ የተከሉባት ወደው አልነበረም። አዲስ አበባ ላይ ታሪኩ ሌላ ነው። ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣው ውሃ ድንጋይ ሳያነጋግር የተጠራቀመ ዝናብ ስለሆነ ለስለስ ይላል፤ ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚወጣው ከመሬት ሆድ ስለሚመጣ ይጠነክራል። ስለዚህ ድሬ ያለ ዘመድ ማለስለሻ ገዛ ተብሎ አዲስ አበባ ላይ መግዛት፣ ዘመድ መነጽር አደረገ ብሎ መነጽር እንደማድረግ ነው። መለኪያውም አለ፦ ውሃው የተሸከመው በካልሲየም ካርቦኔት ተሰልቶ በሊትር እስከ 60 ሚሊ ግራም ከሆነ ለስላሳ፣ ከ180 ካለፈ በጣም ጠንካራ ይባላል። ለመነሻ ያህል ላቦራቶሪ እንኳ አያስፈልግም። በላስቲክ ጠርሙስ ግማሽ ውሃ አድርጎ፣ ዲተርጀንት ያልተቀላቀለበት ሳሙና ጥቂት ፍቆ ጨምሮ መነቅነቅ ነው። አረፋው ወፍሮ ከቆመና ከሥሩ ያለው ውሃ ጥርት ካለ መሣሪያው ሱቁ ውስጥ ይደር። አረፋው ጠፍቶ ውሃው እንደ አጓት ከደፈረሰ ግን ወሬው መቀጠል ይችላል።

መሣሪያው ራሱ ብዙ ምሥጢር የለውም። ረዘም ያለ ጋን መሰል ዕቃ ውስጥ እንደ ጤፍ ቅንጣት ያነሱ የፕላስቲክ ፍሬዎች ታጭቀዋል፤ ሬዚን ይባላሉ። ፍሬዎቹ በላያቸው ሶዲየም ይዘው ይጠብቃሉ፤ ጠንካራው ውሃ ሲያልፍባቸው ካልሲየሙንና ማግኒዝየሙን ይቀበሉትና በምትኩ ሶዲየም ይሰጡታል። የሚወጣው ውሃ ኖራ የለበትም ማለት እንጂ ባዶ ነው ማለት አይደለም፤ ሸክሙን ለወጠ እንጂ አላራገፈም። ሶዲየሙ ሲያልቅባቸው ፍሬዎቹ በወፍራም የጨው ውሃ ይታጠባሉ፣ ያጠራቀሙትን ካልሲየም ወደ ፍሳሽ ይለቃሉ፣ እንደገና ይጀምራሉ። ስሌቱን ለመያዝ ያህል ጥንካሬው 400 ሚሊ ግራም የሆነ ውሃ በቀን 300 ሊትር የሚጠቀም ቤት እንውሰድ። በወር ውስጥ 3.6 ኪሎ ኖራ በቧንቧው ይገባል ማለት ነው፤ ይህን ለመያዝ መሣሪያው በወር 8 ኪሎ ገደማ ጨው ይፈልጋል። ማለስለሻ የገዛ ሰው ጨው የምትበላ አንድ አባል ወደ ቤተሰቡ ጨምሯል፤ ያቺ አባል ደግሞ ጨዋን ባጣች ሳምንት ሳትታመም፣ ድምፅ ሳታሰማ፣ ሥራዋን ብቻ ታቆማለች።

ጠንካራ ውሃ በእውነት የፈጸማቸውን ጥፋቶች መካድ አይገባም። ውሃው ሲሞቅ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣና ኖራው መልሶ ድንጋይ ይሆናል፤ በቦይለሩ ማሞቂያ ብረት ላይም ልክ እንደ ማፍያው ይጋገራል። የተጋገረበት ብረት ሙቀቱን ለውሃው ከማድረሱ በፊት ቅርፊቱን ማሞቅ አለበትና መብራት ይበላል፣ ራሱም ከመጠን በላይ እየጋለ ቶሎ ይቃጠላል። የሻወሩ ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ይዘጉና የቀሩት ሁለቱ ውሃውን ወደ ግድግዳ ይረጩታል። ሳሙና ከካልሲየም ጋር ሲገናኝ አረፋ መሆኑ ይቀርና የማይሟሟ እድፍ ይሆናል፤ ነጩን ሸሚዝ የሚያጠይመውና መታጠቢያ ገንዳው ላይ መስመር የሚያሰምረው ይኸው ነው። ማእድ ቤት ውስጥም ጥፋት አለ። ካልሲየም የጥራጥሬውን ልጣጭና ሥጋ አንድ ላይ የሚይዘውን ፔክቲን ያጠነክረዋልና ሽምብራና ባቄላ በጠንካራ ውሃ ሲቀቀል ንፍሮው እንቢ ይላል፤ ከሰሉ ያልቃል፣ ባቄላው ጥርስ ይፈትናል። ሻይ ላይ የሚንሳፈፈው ዘይት የሚመስል ስስ ሽፋንም የዚሁ ውሃ ሥራ ነው። በነዚህ ክሶች ሁሉ ማለስለሻው ጥሩ ምስክር ይሆናል፣ ጥሩ መፍትሔም ነው።

ትልቁ ክስ ላይ ስንደርስ ግን ማስረጃው ይሳሳል። የማፍያውን ቅርፊት በማንኪያ ፈግፍጎ፣ «ይኸው፣ ኩላሊታችን ውስጥ ያለው ይኼ ነው» የሚል ሰው ንግግሩ ያሳምናል፤ ነጭ ድንጋይ እዚህ፣ ነጭ ድንጋይ እዚያ። ችግሩ ኩላሊት ማፍያ አለመሆኑ ነው። አብዛኛው የኩላሊት ጠጠር የሚሠራው ካልሲየም ኦክሳሌት ከሚባል ነገር ነው፤ ኦክሳሌቱ ከምግብ ይመጣል፣ ሰውነትም ራሱ ያመርተዋል። ከምግብና ከመጠጥ የሚገኝ ካልሲየም ኦክሳሌቱን አንጀት ውስጥ እያለ ይይዘውና ወደ ኩላሊት ሳይደርስ ተያይዘው በሰገራ ይወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1993 በታወቀ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ፣ ከ45 ሺህ በላይ ወንዶችን የተከታተለ ጥናት ያገኘውም ይህንኑ ነው፦ ከምግብ ብዙ ካልሲየም የሚያገኙት ሰዎች ጠጠር የያዛቸው በቁጥር ያነሱ ነበሩ። ታዲያ በቆላ ከተማ የኩላሊት ጠጠር ወሬ ለምን ይበዛል? ቆላ ስለሆነ ነዋ። በሙቀት ሰው በላብ ውሃውን ይጨርሳል፣ ሽንቱ ይወፍራል፣ በወፈረ ሽንት ውስጥ ጠጠር መቋጠር ይቀለዋል። እዚህ ላይ የሚያሳዝን ቀልድ አለ፦ ውሃው ጠጠር ያመጣል ብሎ ውሃ የሚቀንስ ሰው፣ የፈራውን ጠጠር በራሱ እጅ እየሠራ ነው። ጠጠር ያለበት ሰው ሐኪሙ የሚነግረው የመጀመሪያ ነገር ብዙ ጠጣ የሚል ነው፤ ጠንካራውንም ቢሆን።

«ቢሆንም የለሰለሰ ውሃ የበለጠ ንጹሕ አይደለም ወይ?» የሚለው ተቃውሞ ይከተላል። ንጹሕ የሚለው ቃል ለቦይለርና ለሆድ እኩል ካልሠራ መልሱ አይደለም ነው። ማለስለሻ ተውሳክ አይገድልም። ሬዚኑ ለብዙ ጊዜ ሳይታጠብ ከቆመ እንዲያውም ባክቴሪያ ይራባበታል። ውሃው ያጠራጠረው ሰው የሚያስፈልገው ማፍላት ወይም ክሎሪን ነው፤ አንዲቷ የውሃ አጋር ጠርሙስ ለሆድ የምትሠራውን ባለ ብዙ ሺህ ብሩ መሣሪያ አይሠራም። ፍሎራይድንም አያወጣም፤ ፍሬዎቹ የሚይዙት አዎንታዊ ሙል ያላቸውን ብቻ ነው፣ ፍሎራይድ ደግሞ አሉታዊ ነውና በመሃላቸው ሰላም ብሎ ያልፋል።

ፍሎራይድ ከተነሳ ዘንድ ስምጥ ሸለቆን ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም፤ ለዚህ ክርክር ተፈጥሮ ራሷ ያዘጋጀችው ማስረጃ እዚያ ነው ያለው። ከአዳማና ከወንጂ አንስቶ በዝዋይ በኩል እስከ ሐዋሳ ብዙ ጉድጓዶች የሚሰጡት ውሃ ማንም መሣሪያ ሳይነካው ለስላሳ ነው። የእሳተ ገሞራው ዓለትና ሸክላው በሺህ ዓመታት ውስጥ ያንኑ የሬዚኑን ሥራ ሠርተውታል፤ ካልሲየሙን አስቀርተው ሶዲየም ሰጥተውታል። ሳሙና ይቀበላል፣ ማፍያ አያነጣም፤ ሻጭ ቢያየው ናሙናዬ ነው ይላል። በዚያው ውሃ ውስጥ ግን ፍሎራይድ የዓለም ጤና ድርጅት ከወሰነው 1.5 ሚሊ ግራም ብዙ እጥፍ አልፎ የሚገኝባቸው ጉድጓዶች አሉ። ጥርስ የሚያበልዘው፣ ሲብስም አጥንት የሚያጎብጠው እሱ ነው፤ የወንጂ ስኳር እርሻ መንደሮች በዚህ ሳቢያ ለአሥርት ዓመታት የተመራማሪ መመላለሻ ሆነው ኖረዋል። ልስላሴውና ፍሎራይዱ በአንድ ጉድጓድ የተገናኙት በአጋጣሚ አይደለም። ካልሲየም የሞላበት ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ ብዙ መሟሟት አይችልም፤ ካልሲየሙ ይይዘውና አብረው ማዕድን ሆነው ይቀመጣሉ። ካልሲየሙ ሲሄድ ፍሎራይዱን የሚይዘው ይጠፋል። ከዚህ ተነስቶ ቤት ያለ ማለስለሻ ፍሎራይድ ይጨምራል ማለት ስሕተት ነው፤ አይጨምርም፣ አይቀንስም። የሚያሳየው ግን ውሃ እጅ ላይ ለስላሳ ሆኖ ሆድ ውስጥ ክፉ ሊሆን እንደሚችል፣ ማፍያ የሚያነጣውም ውሃ ለጥርስ ደግ ሊሆን እንደሚችል ነው። የወንጂ ልጅ የድሬዳዋን ማፍያ ቢያይ አይስቅም።

አሁን ወደ ጨው እንምጣ፤ እዚህ ላይ ሁለቱም ወገን ያጋንናል። የለሰለሰ ውሃ ጨው ጨው ይላል የሚሉ አሉ። የሚገባበት ግን ሶዲየሙ ብቻ ነው፤ ክሎራይዱ ከማጠቢያው ጋር ወደ ፍሳሽ ይሄዳል። ልኩም ይታወቃል፦ ከያንዳንዱ ሚሊ ግራም ጥንካሬ ጋር 0.46 ሚሊ ግራም ሶዲየም ይገባል። ባለ 400ው ውሃችን ሲለሰልስ በሊትር 184 ሚሊ ግራም ሶዲየም ይዞ ይወጣል። በቀን ሁለት ሊትር የጠጣ ሰው 368 ሚሊ ግራም አገኘ፤ ወደ ገበታ ጨው ሲመለስ አንድ ግራም አይሞላም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም ጨው በታች ይበቃል ይላል። ሻጩ «ምንም አይደለም» ሲል ከአምስቱ አንዱን እጅ ምንም እያለ ነው፤ ተቃዋሚው «መርዝ ነው» ሲል ደግሞ ከሽሮው፣ ከበርበሬውና ከእንጀራ ጋር ከሚቀርበው ሚጥሚጣ ጋር የሚገባውን ጨው ዘንግቶ ነው። ደም ግፊት ለሌለበት ሰው ይህች አንድ ግራም ጤና አታናጋም። ሐኪም ጨው ቀንስ ያለው ሰው ግን ከወጡ ያወጣትን ጨው በብርጭቆ መልሶ መጠጣት የለበትም። ጨቅላ ሕፃን ያለበት ቤትም የዱቄት ወተት በዚህ ውሃ አይበጠብጥ፤ የሕፃን ኩላሊት ትርፍ ሶዲየም ለማስወጣት ገና አልደረሰም። አንዳንድ ሻጭ ከሶዲየም ጨው ይልቅ ፖታሲየም ክሎራይድ ይጨመርበት ሲል መፍትሔ ያገኘ ይመስለዋል፤ ይህ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላለበት ቤት ከፊተኛው የባሰ ነው፤ የማይወጣ ፖታሲየም ልብ ያውካልና።

ከተጨመረው ይልቅ የሚቆጨው የወጣው ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ጃፓናዊው ኮባያሺ በአገሩ ወንዞች ውሃ ጠባይና በስትሮክ ሞት መካከል ዝምድና እንዳየ ከጻፈ ወዲህ፣ ጠንካራ ውሃ በሚጠጣባቸው ቦታዎች የልብና የደም ሥር ሞት ዝቅ ይል ይሆን የሚለው ጥያቄ ሲጠና ኖሯል። ብዙዎቹ ጥናቶች ዝምድናውን ያሳያሉ፣ በተለይ ለማግኒዝየም፤ ሌሎቹ አላገኙትም። ዝምድና ደግሞ ምክንያት ማለት አይደለምና ጠንካራ ውሃ ለልብ መድኃኒት ነው ብሎ መፎከር እንደ ሻጩ መሆን ነው። ይሁንና ጥርጣሬው ከባድ በመሆኑ መንግሥታትን ያነጋግራል። ብዙ ቤተ እስራኤላውያን በሚኖሩባት በእስራኤሏ አሽኬሎን እ.ኤ.አ. በ2005 ትልቁ የባሕር ውሃ ማጣሪያ ሥራ ሲጀምር፣ ማጣሪያው ሁሉንም ማዕድን ጠርጎ ስለሚያወጣ ካልሲየሙ ተመልሶ እንዲገባ ተደረገ፤ ማግኒዝየሙስ ይመለስ አይመለስ የሚለው ክርክር ግን ለዓመታት ቀጥሏል። አንድ አገር ገንዘብ አውጥቶ ኖራ ወደ ውሃ ሲመልስ፣ እኛ ገንዘብ አውጥተን ከመጠጥ ውሃችን ውስጥ ኖራ ልናወጣ መሯሯጣችን ቢያንስ አንድ ጊዜ ቆም ብሎ ማሰብን ይጠይቃል።

«ማዕድን ከምግብ ይገኛል፣ ውሃ ምን ያህሉን ይሰጣል?» ለሚለው ተቃውሞ አክብሮት ይገባዋል፤ በአብዛኛው እውነት ነውና። ጤፍ ራሱ በካልሲየምም በማግኒዝየምም ከስንዴና ከሩዝ የላቀ እህል ነው። ሒሳቡ ግን እንዲህ ነው፦ ባለ 400ው ውሃ ጥንካሬው በአብዛኛው ከካልሲየም የመጣ ከሆነ፣ ሁለት ሊትሩ ከ250 እስከ 300 ሚሊ ግራም ካልሲየም ይዟል። ይህ የአንድ ብርጭቆ ወተት ያህል ነው፤ ሰውነትም ከወተቱ ባልተናነሰ ይቀበለዋል። ወተት በየቀኑ ለሚጠጣ ሰው ይህ ትርፍ ነው። አይብ፣ ወተትና ቅቤን ለ55 ቀን ለሚሰናበት የሁዳዴ ጾመኛ ግን፣ ያውም ከዓመቱ ሌሎቹ አጽዋማት ጋር ተደምሮ፣ ያ ነጭ ቅርፊት ጾም የማያስገድፍ ወተት ነው። ለዚያች ማፍያ ምስጋና ባይገባት እንኳ ስድብ አይገባትም።

ይህ ሁሉ እያለ መሣሪያው ለምን በጤና ስም ይሸጣል? ቦይለር አያስፈራም፣ ልጅ ያስፈራል። በየአገሩ የውሃ መሣሪያ ሻጮች የሚዞሩበት አንድ ትርኢት አለ። ሻጩ ሁለት ብርጭቆ ያቀርባል፤ በአንዱ የቧንቧ ውሃ፣ በሌላው የመሣሪያው። ሁለት ሁለት ብረት የተሰኩበትን ዕቃ ይከትባቸዋል፣ ከመብራት ያገናኘዋል። ደቂቃ ሳይሞላ የቧንቧው ውሃ ይደፈርሳል፣ ዝገት መሰል አረፋ ያወጣል፣ ታቹ ላይ አረንጓዴና ቡናማ ዝቃጭ ይሰፍራል። «እትዬ፣ ልጆችዎ የሚጠጡት ይኼንን ነው?» ይላል ሻጩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ እትዬም ቦርሳቸውን ይፈልጋሉ። ዝቃጩ የመጣው ግን ከውሃው አይደለም፤ ኤሌክትሪኩ የራሱን የሻጩን ብረት እያሟሟ ነው። ማዕድን ያለበት ውሃ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ የሌለበት አያስተላልፍም፤ ትርኢቱ ይኸው ነው። እትዬ በዚያ በጠራው ብርጭቆ አንድ ቁንጥር ጨው ቢጨምሩ ከፊተኛው ብሶ ይደፈርሳል። ይበልጥ የሚያስቀው፣ ይህ ትርኢት ማለስለሻን ለመሸጥ ከቀረበ ሻጩ ራሱን ያጋልጣል፤ የለሰለሰ ውሃ ማዕድኑ ዓይነቱ ተለወጠ እንጂ መጠኑ አልቀነሰምና ልክ እንደ ቧንቧው ይደፈርሳል። እንደ እስክሪብቶ ተይዛ የምትዞረው የማዕድን መለኪያም እንዲሁ ናት፤ በማለስለሻው ውሃ ላይ የምታሳየው ቁጥር ዝቅ አይልም። ዝቅ ካለ የተሸጠልዎ ማለስለሻ ሳይሆን ሌላ ዓይነት ማጣሪያ ነው። በቧንቧ ላይ እንደ አምባር የሚታሰር ማግኔት የሚሸጥም አለ፤ ጨው አይበላም፣ ፍሳሽ አይለቅም፣ ሥራውም ያን ያህል አይታይም።

ከዚህ በኋላም ቦይለሬ ያሳዝነኛል፣ ልግዛ የሚል ሰው ትክክለኛ ምክንያት ይዟል፤ አገሩን ግን ለመሣሪያው መንገር አለበት። አብዛኛው ማለስለሻ ሰው ሁሉ በተኛበት ሰዓት ራሱን እንዲያጥብ ከፋብሪካ ተሞልቶ ይመጣል፤ ይኸውም በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። የፋብሪካው ሰው ፈረቃ የሚባል ነገር አያውቅም። በእኛ ከተማ ሌሊት 8 ሰዓት ማለት ውሃ መጣች ተብሎ ቤተሰቡ ባልዲና ጀሪካን ይዞ የሚሯሯጥበት፣ ሮቶው የሚሞላበት ሰዓት ነው፤ በዚያች ሰዓት መሣሪያው ከ100 እስከ 200 ሊትር ወስዶ ራሱን አጥቦ ወደ ፍሳሽ ይለቃል። ውሃ ያልመጣች ሌሊት ደግሞ ደረቁን ይታጠብና በነጋታው ቤቱ ጨው ያለበት ውሃ ይቀዳል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሰዓቱ ከተዛባ መሣሪያው እኩለ ቀን ላይ፣ ልብስ እየታጠበ ሳለ፣ እሱም ይታጠባል። ስለዚህ በሰዓት ሳይሆን ባለፈው የውሃ ልክ የሚሠራውን፣ ሰዓቱን በባትሪ የሚይዘውን መምረጥ፣ ከሮቶው በኋላ ግፊት ከሚሰጠው ፓምፕ ቀጥሎ መትከል ያስፈልጋል። የጨው ውሃው የሚፈስበትም ይታሰብ፤ ወደ ጓሮ ከተለቀቀ ሎሚውንና ጎመኑን ያደርቃል። የካሊፎርኒያዋ ሳንታ ክላሪታ ከተማ ነዋሪዎች ከየቤቱ የሚወጣው ጨው ወንዛቸውን ስላስቸገረ እ.ኤ.አ. በ2008 በድምፅ ወስነው በጨው የሚሠሩ ማለስለሻዎችን ከነጭራሹ አስነቅለዋል።

ከሁሉ የሚቀድመው ግን የቧንቧ ሠራተኛውን ሥራ ሳይጀምር ማነጋገር ነው። የለሰለሰው ውሃ ወደ ቦይለር፣ ወደ ሻወርና ወደ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ይሂድ፤ ማእድ ቤት ግን አንድ ያልተነካ መስመር ይቅር። ሠራተኛው «ሁሉንም አንድ ላይ ላድርገው፣ ይቀለኛል» ይላል፤ ይቀለዋልም። ለንፍሮው ሲባል የለሰለሰም ቧንቧ ማእድ ቤት ቢገባ ክፋት የለውም፣ መጠጡ እስካልተቀላቀለ ድረስ። ቡናውም ቢሆን ከዚያ ካልተነካው ይቀዳ፤ የቡና ባለሙያዎች የሚመክሩት መጠነኛ ካልሲየምና ማግኒዝየም ያለበትን ውሃ ነው፤ የሐረር ቡና ጣዕሙን እንዲሰጥ የሚያወጡለት እነሱ ናቸውና። በጣም ጠንካራ ከሆነ አፍልቶ፣ አቀዝቅዞ፣ ዝቃጩን ከታች ትቶ መቅዳት ይበቃል። መሣሪያ የመግዛት አቅም የሌለው ቤትም ተስፋ አይቁረጥ። የቦይለሩን ሙቀት ከ60 ዲግሪ በላይ አለማድረግ ቅርፊቱን ያዘገየዋል፤ የተጋገረውን ማፍያ ደግሞ ሁለት ሎሚ ጨምቆበት ውሃ ሞልቶ ማፍላት፣ ሌሊቱን ማሳደር ነው፤ ጠዋት ቅርፊቱ እየተፈረፈረ ይወጣል።

የቀረው የቆዳ ነገር ነው፤ ብዙ እናቶች መሣሪያውን የሚመኙት የልጃቸው ችፌ ይሻለዋል ብለው ነው። እንግሊዝ አገር ይህንኑ ለመፈተን ችፌ ባለባቸው 336 ልጆች ላይ ጥናት ተደርጎ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ወጣ። ግማሾቹ ቤት ማለስለሻ ተተከለ፣ ግማሾቹ እንደ ወትሮው ቆዩ፤ ከ12 ሳምንት በኋላ የማን ቤት መሣሪያ እንዳለው የማያውቁ ነርሶች ቆዳቸውን መረመሩ። ልዩነት አላገኙም። መሣሪያው ቤታቸው እንዳለ የሚያውቁት ወላጆች ግን ትንሽ ለውጥ አይተናል አሉ፤ ጥናቱ ሲያልቅም ብዙዎቹ መሣሪያውን ገዝተው አስቀሩት። አልፈርድባቸውም። ሳሙናው አረፋ አለው፣ ፎጣው ለስልሷል፣ የሻወሩ መስታወት ያበራል፣ ቦይለሩም ከዚያ ወዲህ ዝም ብሎ ይሠራል፤ ሒሳቡን የከፈሉት በልጁ ስም ቢሆንም ያገኙት የቤት ዕቃ ነው።